ኪት አውሮፕላን፦ የስቲክን ስሜት መለካትና ማስተካከል

ከአንድ ፋብሪካ ሳጥን የወጡ፣ በአንድ ሥዕል የተሠሩ ሁለት ኪት አውሮፕላኖች (ባለቤቱ ራሱ ከክፍሎች የሚገጥማቸው) አየር ላይ ሲወጡ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። አንዱ ስቲኩን፣ ማለትም የመሪውን ዘንግ፣ በሁለት ጣት ቢይዙት ይታዘዛል። ሌላው ግራ ክንፉን እየጣለ አብራሪውን ከመነሻ እስከ መድረሻ ሲያታግል ይውላል። ዲዛይኑ አንድ ስለሆነ ልዩነቱ የሚመጣው ከአሠራሩ ነው፤ መስመሩን ከሳተ ማጠፊያ፣ ትንሽ ካበጠ የኤለሮን (አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብለው የክንፍ ተንቀሳቃሽ ክፍል) ጠርዝ፣ ወይም ጅራት አካባቢ ከተጨመረ ዕቃ።

መመሪያው የተጻፈው በአሜሪካ «ኤክስፐሪሜንታል አማተር ቢልት» በሚባለው ምድብ አውሮፕላን ለምትሠሩ ወይም ሌላ ሰው የሠራውን ለገዛችሁ ነው። ምሳሌዎቹን በአብዛኛው የምወስደው ከአርቪ ቤተሰብ ነው። አርቪዎች ኦሪገን ውስጥ ኦሮራ ከተማ ያለው ቫንስ ኤርክራፍት የሚያመርታቸው ኪቶች ናቸው። በየሀንጋሩ በብዛት ስለሚገኙ፣ የመሪያቸው አሠራርም ቀላል ስለሆነ ለትምህርት ይመቻሉ፦ ኤለሮንና ኤሌቬተሩ (አፍንጫን የሚያነሳውና የሚያወርደው የጅራት ክፍል) በፑሽሮድ፣ ማለትም በሚገፋና በሚስብ ዘንግ፣ ይንቀሳቀሳሉ፣ ራደሩ (አፍንጫን ወደ ጎን የሚያዞረው የጅራት ክፍል) በኬብል።

በዚህ ምድብ ሠሪው የሥራውን አብላጫ ክፍል ለትምህርትና ለመዝናኛ ራሱ መሥራቱን ያሳያል። አውሮፕላኑ ግን ፋብሪካ ሠራሽ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚያልፉበትን የፓርት 23 መስፈርት እንዲያሟላ አይገደድም። ስለዚህ ስቲኩ ምን ያህል መክበድ እንዳለበት መጥቶ የሚለካላችሁ ተቆጣጣሪ የለም። መለካቱ የእናንተ ሥራ ነው።

የስቲክ ክብደት የምቾት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲወራ እሰማለሁ፤ በዚህ አልስማማም። ስቲኩን ወደ ራሳችሁ በሳባችሁ መጠን እየከበደ መሄዱ ክንፉ ምን ያህል ጭነት እንደተሸከመ በእጃችሁ በኩል ይነግራችኋል። ፍጥነት ሲቀንስ ስቲኩ ወደ ፊት ለመሄድ መፈለጉ ወደ ስቶል (ክንፉ የማንሳት ኃይሉን ወደሚያጣበት ሁኔታ) እየቀረባችሁ መሆኑን ይነግራችኋል። ይህ ክብደት ከጠፋ ዓይናችሁ መሣሪያዎቹ ላይ ባልሆነበት ሰዓት የሚያስጠነቅቃችሁ ነገር የለም። ለማረፍ የመጨረሻውን መታጠፊያ ስትታጠፉ ደግሞ ዓይናችሁ ያለው መንደርደሪያው ላይ ነው።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ሰበቃ፣ ቀጥሎ የእንቅስቃሴ መጠንና ሚዛን፣ ከዚያ የክብደት ማእከል፣ ከዚያ በአየር ላይ መለካት። የጠርዝ ቅርጽን መንካት ከሁሉም በኋላ ይመጣል። ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ክንፉ ወደ አንድ ጎን ስለጣለ ብቻ ፒንሳ ያነሳል። ሰበቃ ያለበት ስቲክ ሁሉንም ልኬት ስለሚያበላሽ፣ እሱ ሳይጸዳ የሚደረግ ማስተካከያ በግምት የሚደረግ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን አዘጋጁ፦ መሳብንም መግፋትንም የሚለካ ትንሽ ዲጂታል የኃይል መለኪያ (ከሌለ ዓሣ አጥማጆች የሚይዙት ባለ መንጠቆ ሚዛን ለመሬቱ ሥራ ይበቃል)፣ ዲጂታል የማዕዘን መለኪያ፣ ካሊፐር፣ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ፣ ፕላስተር፣ ደብተር። ለክብደት ሥራው ሦስት የአውሮፕላን ሚዛኖች ያስፈልጋሉ። የኢኤኤ (የኤክስፐሪሜንታል አውሮፕላን ማኅበር) ቅርንጫፎች ብዙ ጊዜ ለአባሎቻቸው ያውሳሉ፤ ጠይቁ።

ደረጃ 1፦ ሰበቃውን መሬት ላይ ፈልጉ

አውሮፕላኑን ነፋስ በማይገባበት ሀንጋር አቁሙ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የአውቶፓይለቱ ኤሌክትሪክ ተቋርጦ፣ ስቲኩን መሐል ላይ አድርጉት። መለኪያውን እጃችሁ ስቲኩን በሚይዝበት ከፍታ ላይ አያይዙና ከስቲኩ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራ አድርጋችሁ በጣም በዝግታ ሳቡ። ስቲኩ መንቀሳቀስ ሲጀምር የሚታየውን ቁጥር ጻፉ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም እንዲሁ አድርጉ።

ኤሌቬተሩ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በብዙ አውሮፕላኖች ኤሌቬተሩ በራሱ ክብደት ወደ ታች ስለሚወርድ የምትለኩት ኃይል ሰበቃ ብቻ አይደለም። ሁለቱን ለመለየት ስቲኩን በዝግታ ወደ ኋላ ስትስቡ የሚታየውን ቁጥር፣ ቀጥሎ እየለቀቃችሁለት በዝግታ ወደ ፊት ሲመለስ የሚታየውን ቁጥር ውሰዱ። ለምሳሌ ሲሳብ 6 ፓውንድ፣ ሲመለስ 4 ፓውንድ ቢሆን ልዩነቱ 2 ነው፤ የዚያ ግማሽ፣ ማለትም 1 ፓውንድ፣ ሰበቃው ነው። የቀረው 5 ፓውንድ የኤሌቬተሩ የራሱ ክብደት ነው።

ይህ ቁጥር ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? የአሜሪካ ጦር ለትንንሽ አውሮፕላኖቹ ያወጣው የበረራ ባሕርይ መስፈርት ስቲኩን ከመሐል ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ኃይል በኤሌቬተር ከ3 ፓውንድ፣ በኤለሮን ከ2 ፓውንድ፣ በራደር ከ7 ፓውንድ እንዳይበልጥ ይላል። በፑሽሮድ ለሚሠራ ኪት ይህ ልቅ ገደብ ይመስለኛል። በጥንቃቄ የተገጠመ አርቪ ከዚያ በታች ስለሚወርድ 1 ፓውንድ አካባቢ እስክትደርሱ አትተውት።

ቁጥሩ ከፍ ካለ ቅባት አትርጩ። ሰንሰለቱን እየለያያችሁ ፈልጉ። ፑሽሮዱን ከኤለሮኑ ፍቱና ኤለሮኑን ብቻውን በአንድ ጣት ግፉት፤ ከላይ እስከ ታች ሳይንገራገጭ መሄድ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ማጠፊያዎቹ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። ኤለሮኑ ነፃ ከሆነ ወደ ቀጣዩ መገጣጠሚያ እለፉ፤ እንዲህ እያላችሁ እስከ ስቲኩ ሥር ድረስ።

በብዛት የሚገኘው ጥፋት ሮድ ኤንዱ ላይ ነው። ሮድ ኤንድ በፑሽሮዱ ጫፍ ላይ የሚገባው፣ መሐሉ ላይ ኳስ ያለው ኩሽኔታ ነው። መቆለፊያ ዳዶውን ስታጠብቁ ቁልፉ ሮድ ኤንዱን አብሮ ትንሽ ያዞረዋል። ስቲኩ መሐል ላይ ሲሆን ምንም አይሰማም። ጥግ ሲደርስ ግን የኩሽኔታው ቤት ከያዘው ሹካ ጋር ይነካካል፤ ስቲኩም እዚያ ላይ ይከብዳል። ለመፈተሽ ረዳታችሁ ስቲኩን ጥግ ላይ ይያዝላችሁ፤ እናንተ ፑሽሮዱን በጣት ይዛችሁ በራሱ ዙሪያ ወዲያና ወዲህ ለማሽከርከር ሞክሩ። በመጠኑ ከተሽከረከረ ነፃ ነው። ደርቆ ከያዘ ዳዶውን ፍቱ፣ ሁለቱን ጫፎች እኩል አድርጉ፣ ሮድ ኤንዱን በአንድ ቁልፍ ይዛችሁ በሌላው ዳዶውን አጥብቁ። ይህንን በአራቱም የስቲክ ጥግ ድገሙት።

ሌሎቹን ምንጮች ቶሎ ማየት ይቻላል፦ ከወለል በታች ፑሽሮዱን የሚነካ የሽቦ እስር፣ ኬብሉ የሚያልፍበት የፕላስቲክ ቀለበት ማዕዘኑ ሲሰበር፣ ከመጠን በላይ የተወጠረ የራደር ኬብል፣ ኳሱ ላይ የደረቀ ቀለም። የአውቶፓይለት ሰርቮ ሞተር ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም የራሱን ሰበቃ ይጨምራል፤ ዘንጉን ፈትታችሁ አንድ ጊዜ ያለ እሱ ለኩና ድርሻውን እወቁ። ውስጣቸው በቴፍሎን የተሸፈነ ኩሽኔታዎችን ግራሶ አትቀቡ፤ ቅባቱ አቧራ ይይዝና ሽፋኑን ይበላዋል።

ሰበቃውን ስታዩ ልቅነቱንም እዩ። ኤሌቬተሩን ሰው እንዲይዝላችሁ አድርጉና ስቲኩን ነቅንቁት፤ ቀጥሎ ትሪም ታቡን (ኤሌቬተሩ ጠርዝ ላይ ያለውን፣ ስቲኩ እጅ ሳይዘው እንዲቆም የሚያደርገውን ትንሽ ክፍል) በጣት ላይና ታች አድርጉት። ለታብ በሰፊው የሚሠራበት ገደብ ጠቅላላ ልቅነቱ ከታቡ ስፋት 2.5 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ከማጠፊያው እስከ ጠርዙ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጠርዙ ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ከበለጠ ለፍላተር በር ይከፍታል። ፍላተር፣ ማለትም አየሩ የሚያባብሰው መርገብገብ፣ በሰከንዶች ውስጥ ጅራት ሊነቅል ስለሚችል እዚህ ላይ «ይበቃል» የሚባል ነገር የለም።

የፈታችሁትን ሁሉ ከመለሳችሁ በኋላ ሌላ ሰው እንዲያይላችሁ አድርጉ። ዳዶዎቹ ተቆልፈው ምልክት ተቀብቶባቸዋል? ኮተር ፒኖቹ (ዳዶ እንዳይፈታ የሚይዙት ሽቦዎች) ገብተዋል? ከዚያ አቅጣጫውን ፈትሹ። ስቲኩን በእጅ ይዛችሁ አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ቀጥ አድርጉ፤ ስቲኩን ወደ ጎን ስትገፉ አውራ ጣቱ ያዘነበለበት ጎን ያለው ኤለሮን መነሳት አለበት። ተገልብጦ በተገጠመ ኤለሮን ተነስተው የሞቱ አሉ።

ደረጃ 2፦ የእንቅስቃሴ መጠንና ሚዛን

የማዕዘን መለኪያውን በፕላስተር ኤለሮኑ ላይ አጣብቁ፤ መሐል ላይ ዜሮ አድርጉትና ላይና ታች ጥጉን ለኩ። ኤሌቬተርና ራደሩንም እንዲሁ። ቁጥሮቹን ከኪታችሁ ሥዕል ጋር አስተያዩ። ኤለሮን ከሚወርደው ይልቅ የሚነሳው እንዲበልጥ ተደርጎ ይሠራል፤ ይህ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከመታጠፊያው ተቃራኒ እንዳይዞር ይረዳል። የግራና የቀኙ ልዩነት ከሥዕሉ ገደብ ከወጣ ፑሽሮዱን ማስረዘም ወይም ማሳጠር ነው።

የኤለሮን፣ የኤሌቬተርና የራደር የክብደት ሚዛን የሚሠራው ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው። ቀለምና ፊለር የሚከማቹት ከማጠፊያው ኋላ ስለሆነ ከቀለም በፊት ልክ የነበረ ኤለሮን ከቀለም በኋላ ላይሆን ይችላል። እያንዳንዱን አውልቃችሁ ሰበቃ በሌለው ድጋፍ ላይ ሰቅላችሁ መዝኑ።

ብዙዎች ሳያስቡበት የሚያደርጉት አንድ ነገር ስቲክ መቁረጥ ነው። ስቲኩ ከፓነሉ ጋር ስለሚጋጭ ወይም እጅ ጭን ላይ እንዲያርፍ ያሳጥሩታል። ከመጋዙ በፊት ስሌቱን እዩት። ከመዞሪያው እስከ እጃችሁ 60 ሴንቲ ሜትር የነበረ ስቲክ 45 ቢሆን እጃችሁ የሚሰማው ኃይል በሲሶ ይጨምራል፤ እጃችሁ የሚጓዘው ርቀት ደግሞ በሩብ ይቀንሳል። ለኤሌቬተር ይህ አንዳንዴ ጥሩ ነው፤ በጣም ቀላል የሆነውን ያከብደዋል። ለኤለሮን ግን ሊያደክም ይችላል። ስቲክ ተቆርጦ አይቀጠልም፤ ስለዚህ የመቁረጡን ውሳኔ በአየር ላይ ከለካችሁ በኋላ አድርጉት።

ደረጃ 3፦ የክብደት ማእከል

ስቲክን ከሁሉም በላይ የሚለውጠው ይህ ነው። የክብደት ማእከሉ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር አንድ ጂ (ከመሬት ስበት ጋር እኩል የሆነ ጭነት) ለመጨመር የሚያስፈልገው የእጅ ኃይል ይቀንሳል። በጣም ኋላ ከሄደ ስቲኩ ክብደቱን ያጣል፤ ከዚያም ካለፈ አውሮፕላኑ የጀመረውን አፍንጫ ማንሳት በራሱ ይቀጥልበታል። ስለዚህ ብቻችሁን ስትበሩ ደስ የሚያሰኝ አውሮፕላን፣ ከኋላ ሰውና ሻንጣ ሲጫንበት ሌላ አውሮፕላን ይሆናል።

አውሮፕላኑን በሥዕሉ መሠረት በውሃ ልክ አስተካክሉና በሦስቱ ጎማዎች መዝኑ። ከዚያ ቢያንስ አራት ጭነቶችን አስሉ፦ እናንተ ብቻ ከሙሉ ነዳጅ ጋር፣ እናንተ ብቻ ከጥቂት ነዳጅ ጋር፣ ሁለት ሰው ከሙሉ ነዳጅ ጋር፣ ሁለት ሰውና ሙሉ ሻንጣ ከጥቂት ነዳጅ ጋር። የመጨረሻውን አትዝለሉት። በአርቪዎች ነዳጁ ያለው ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጀርባ፣ ከክብደት ማእከሉ ፊት ስለሆነ ነዳጅ ሲቃጠል ማእከሉ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስትነሱ በገደቡ ውስጥ የነበራችሁ፣ ደክሟችሁ ለማረፍ ስትዘጋጁ ከገደቡ ልትወጡ ትችላላችሁ።

የመጀመሪያዎቹን በረራዎች በገደቡ የፊት አጋማሽ አድርጉ። ከዚያ ማእከሉን ከበረራ በረራ በትንሽ በትንሹ ወደ ኋላ አምጡት። ለጭነት የሚውለው ነገር፣ ለምሳሌ በከረጢት የታሸገ የእርሳስ ጥይት፣ በቀበቶ በደንብ ይታሰር። እየተንሸራተተ ጅራት ውስጥ የሚገባ ጭነት ከአየር ላይ አይመለስም።

ደረጃ 4፦ በአየር ላይ መለካት

የሙከራው ጊዜ «ፌዝ 1» ይባላል። እንደ ልማዱ ሞተሩና ፕሮፔለሩ አብረው ፈቃድ ያገኙ ከሆኑ 25 ሰዓት፣ ካልሆኑ 40 ሰዓት ነው፤ አሁን በሰዓት ፈንታ የሥራ ዝርዝር በመጨረስ የሚያልቅበት መንገድም አለ። ሰዓቱን ለመሙላት ብቻ አካባቢውን መዞር ያሳዝነኛል፤ ጊዜው የተሰጠው እንዲህ ላለው ልኬት ነው። የኤፍኤኤ (የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን) የአማተር አውሮፕላን የበረራ ሙከራ መጽሐፍም የኢኤኤ የሙከራ ካርዶችም ይህንን ያግዛሉ።

ጠዋት፣ አየሩ ሳይናወጥ ውጡ። ከመሬት በላይ ቢያንስ 5,000 ጫማ ያዙ። ካርዳችሁ ላይ በአንድ በረራ ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ብቻ ይኑር። መለኪያውን በምንም ዓይነት ከአውሮፕላኑ አካል ጋር አትሰሩት፤ በእጃችሁ የተያዘ፣ ስትለቁት ከስቲኩ የሚወድቅ ይሁን። ቁጥሩን ለማንበብ ወደ ታች እንዳታቀረቅሩ ትንሽ ካሜራ ወደ መለኪያውና ወደ ፍጥነት መሣሪያው አዙራችሁ ቅረጹ፤ ዓይናችሁ ውጭ ይሁን፣ ቁጥሩን መሬት ላይ ታነቡታላችሁ።

የመጀመሪያው ልኬት ፍጥነትንና ኃይልን ያገናኛል። በ120 ኖት ቀጥ ብላችሁ እየበረራችሁ እጅ እስኪለቀቅ ድረስ ትሪም አድርጉ። ከዚህ በኋላ ትሪምንም ጋዝንም አትንኩ። ስቲኩን ስባችሁ 110 ላይ ያዙና ኃይሉን መዝግቡ፤ ቀጥሎ 100። ወደ 120 ተመልሳችሁ በመግፋት 130፣ ከዚያ 140። መሬት ላይ ቁጥሮቹን በወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ አስቀምጡ። ፍጥነት በቀነሰ መጠን መሳቡ እየጨመረ፣ ፍጥነት በጨመረ መጠን መግፋቱ እየጨመረ የሚሄድ መስመር ታገኛላችሁ። መስመሩ ጠፍጣፋ ከሆነ ስቲኩ ስለ ፍጥነት ምንም አይነግራችሁም።

በዚያው በረራ ከ100 ኖት ስቲኩን በዝግታ ልቀቁት። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ወደ መነሻ ፍጥነቱ መመለስ አለበት። ፓርት 23 ከመነሻው ፍጥነት በ10 በመቶ ልዩነት ውስጥ እንዲመለስ ይጠይቅ ነበር፤ ለ120 ኖት ከ108 እስከ 132 ማለት ነው። 103 ላይ ቆሞ ከቀረ አውሮፕላኑ ደካማ ነው ከማለታችሁ በፊት ሰበቃውን አስቡ፤ ስቲኩ ተይዞ ስለቀረ ሊሆን ይችላል። ደረጃ 1ን መጀመሪያ ያደረግነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ለአንድ ጂ የሚያስፈልገው ኃይል ነው። ከማኑቨር ፍጥነታችሁ (ስቲኩ እስከ ጥግ ቢሳብ ክንፉ ከመጎዳቱ በፊት ስቶል የሚያደርግበት ፍጥነት) በታች፣ ከስቶል ግን በደንብ በላይ የሆነ ፍጥነት ምረጡ፤ ከፍታ ሳይቀንስ ክንፉን በ60 ዲግሪ አዘንብሎ ሲታጠፍ የስቶል ፍጥነት በ41 በመቶ እንደሚጨምር አትርሱ። ቀጥ ብላችሁ ትሪም አድርጉ። ከዚያ ክንፉን በ45 ዲግሪ አዘንብላችሁ ታጠፉ፤ ያ 1.4 ጂ ነው። ኃይሉን መዝግቡ። ቀጥሎ በ60 ዲግሪ፣ 2 ጂ። ፍጥነቱን ለመጠበቅ ትንሽ ከፍታ ብታጡ ችግር የለም። በ60 ዲግሪ ስቲኩ 8 ፓውንድ ከጠየቀ፣ አንድ ጂ ስለጨመራችሁ፣ ለአንድ ጂ 8 ፓውንድ ነው።

ማነጻጸሪያ ካስፈለጋችሁ የፓርት 23 አሮጌው ቁጥር ጥሩ ነው። ስቲክ ያለው አውሮፕላን እስከ ጭነት ገደቡ ለመድረስ ቢያንስ የክብደቱን 140ኛ ወይም 15 ፓውንድ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ኃይል መጠየቅ ነበረበት። አርቪ 7 ሙሉ ክብደቱ 1,800 ፓውንድ ነው፤ ሲካፈል 13 ገደማ ስለሚሆን 15ቱ ይይዛል። ገደቡን 3.8 ጂ ብታደርጉት ለአንድ ጂ 5 ፓውንድ ተኩል ገደማ ይመጣል፤ 6 ጂ ብታደርጉት 3 ፓውንድ። የእናንተ ቁጥር ከ3 በታች ከወረደ በአንድ ድንገተኛ መሳብ ክንፍ የሚጎዳ አውሮፕላን ይዛችኋል። ልኬቱን ማእከሉ ወደ ኋላ በመጣ ቁጥር ድገሙትና ለአንድ ጂ የሚያስፈልገው ኃይል እንዴት እንደሚቀንስ በወረቀቱ ላይ እዩት። መስመሩ ወዴት እንደሚሄድ ስለሚያሳይ አደጋው ከመድረሱ በፊት ትቆማላችሁ። የኪታችሁ ሥዕል የሚፈቅደው የኋላ ገደብ ላይ ሳትደርሱ ስቲኩ በጣም ከቀለለ፣ የራሳችሁን ገደብ ከዚያ በፊት አድርጉና በአውሮፕላኑ መጽሐፍ ጻፉት።

በማንኛውም ልኬት ላይ ጭነቱ ሲጨምር ስቲኩ ከቀለለ ወይም በራሱ ወደ ኋላ ከመጣ እዚያው አቁሙ። በቀስታ ቀጥ በሉ፣ ወደ ሜዳው ተመለሱ፣ በሚቀጥለው ቀን ማእከሉን ወደ ፊት አምጡ።

የቀሩት አጫጭር ናቸው። ስቲኩን በፍጥነት ትንሽ ገፍታችሁ ልቀቁት፤ የአፍንጫው መወዛወዝ ወዲያው መጥፋት አለበት። ራደሩን ገፍታችሁ ልቀቁት፤ አፍንጫው ወደ መሐል መመለስ አለበት። በአንድ ጎን ራደር፣ በሌላው ኤለሮን እያደረጋችሁ በጎን ስትበሩ ኤለሮኑን ብትለቁት የወረደው ክንፍ መነሳት ይኖርበታል። ለእያንዳንዱ በኩፐር እና ሃርፐር ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የ1969 መለኪያ ነጥብ ስጡ፤ 1 እጅግ ጥሩ፣ 10 መቆጣጠር የማይቻል ነው። ጥቅሙ «ደስ ይላል» ከማለት አውጥቶ «ይህን ሥራ ለመሥራት ምን ያህል ልፋት ጠየቀኝ» ወደሚል ጥያቄ ማምጣቱ ነው።

ደረጃ 5፦ የጣለ ክንፍና የሸሸ ኳስ

መጀመሪያ ኳሱን (አፍንጫው ወደ ጎን መዞሩን የሚያሳየውን የመሣሪያ ሰሌዳ ኳስ) አስተካክሉ፤ አፍንጫው ወደ ጎን የዞረ አውሮፕላን ክንፉንም ይጥላል። በክሩዝ (በተለመደው የጉዞ) ፍጥነት እግራችሁን ከፔዳል አንሱ። ኳሱ ወደ ቀኝ ከሸሸ ቀኝ ራደር ያስፈልጋል። ከቀላል እንጨት ትንሽ ሽብልቅ ሠርታችሁ በራደሩ የኋላ ጠርዝ ላይ በግራ በኩል በፕላስተር ለጥፉ፤ ሽብልቁ ራደሩን ከራሱ ያርቀዋል። እያሳጠራችሁ ብረሩ፤ ልክ ሲሆን ቋሚውን ሥሩ።

ቀጥሎ የሁለቱ ክንፍ ነዳጅ እኩል ይሁን፣ ፍላፖቹ (ለማረፍ የሚወርዱት የክንፍ ክፍሎች) ሲዘጉ እኩል መቀመጣቸውን እዩ፣ ኤለሮኖቹ በማጠፊያቸው ላይ በከፍታ እኩል መሆናቸውን ለኩ። ይህ ሁሉ ልክ ሆኖ ክንፉ አሁንም ከጣለ ወደ ኤለሮኑ ጠርዝ ኑ።

የሚከተለው የሚሠራው ጠርዛቸው ከታጠፈ ላሜራ ለሆነ ኤለሮኖች ብቻ ነው። በሪቬት ለተዘጋ ጠርዝ ወይም ለኮምፖዚት አይሆንም። የብረት ማስመሪያውን ከስፓሩ (ከኤለሮኑ የውስጥ ምሰሶ) እስከ ጠርዙ በኤለሮኑ ቆዳ ላይ አስተኙት። ቆዳው እስከ መታጠፊያው ድረስ ማስመሪያውን ሳይለቅ መሄድ አለበት። ጠርዙ አጠገብ ካበጠ፣ ማስመሪያውም እብጠቱ ላይ ከተንገዳገደ፣ ጠርዙ ደንዟል። የደነዘ ጠርዝ የኤለሮኑን ኃይል ያቀልላል፤ ሁለቱም ከደነዙ ስቲኩ መሐል ላይ ስሜት ያጣል፣ አንዳንዴም በራሱ ወደ ጎን ይነጥቃል።

አንድ ክንፍ ብቻ ሲጥል የሚጨመቀው ጠርዝ የቀለለው፣ ማለትም የሚነሳው ክንፍ ኤለሮን ነው። ግራ ከጣለ ቀኙን ጨምቁ። የቀጠነ ጠርዝ ኤለሮኑን በአየሩ ግፊት ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲንሳፈፍ ያደርገዋል፤ ያ ክንፍም ይወርዳል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሁለት ጠፍጣፋ የእንጨት ጣውላ በጠርዙ ላይና ታች አድርጉ፤ ሰፊ አፍ ባለው ፒንሳ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው እኩል እየጨመቃችሁ ሂዱ፤ ቆዳው መጠኑን ሲለውጥ በዓይን የማይታይ ያህል ብቻ ጨምቁ። ብረሩ። አልበቃም? እንደገና። በአንድ ቦታ አጥብቃችሁ አትጨምቁ፤ የላሜራ መታጠፊያ ጠርዝ ሲሰነጠቅ አይታደስም። ከልክ ካለፈ የተጨመቀውን ከመክፈት ይልቅ ተቃራኒውን በትንሹ መጨመቅ ይቀላል። ሁለቱም ከደነዙ ሁለቱንም እኩል ጨምቁ፤ ስቲኩ ሲጠነክርና መሐሉን ሲያገኝ ይሰማችኋል።

ሞላ ወይም የክብደት ዘንግ በመጨመር ስቲኩን የማክበድ ዘዴ አለ። ዲዛይነሩ ካላዘዘ አልመክርም፤ ስሜቱን ይለውጣል እንጂ ወደ ኋላ የሄደን የክብደት ማእከል አይፈውስም።

ደረጃ 6፦ እጅና እግር የሚደርሱበት ቦታ

ዘፋኙ ጆን ዴንቨር ጥቅምት 12 ቀን 1997 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በካሊፎርኒያ ሞንቴሬይ አጠገብ በሎንግ ኢዚ አውሮፕላን ወድቆ ሞተ። አውሮፕላኑን የሠራው ሌላ ሰው የነዳጅ መምረጫውን ከሥዕሉ ቦታ አንስቶ ከአብራሪው ግራ ትከሻ ኋላ አድርጎት ነበር። የአሜሪካው ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ አብራሪው መምረጫውን ለማዞር ሲሞክር ትኩረቱ ተነጥቆ ሳያውቀው የቀኝ ራደርን እንደገፋ ደምድሟል።

ስለዚህ የመቀመጫ ቀበቶዋችሁን አጥብቃችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ አንድ እጅ ስቲኩ ላይ አድርጋችሁ ነዳጅ መምረጫውን፣ ትሪሙን፣ ፍላፑን፣ የኤሌክትሪክ ማጥፊያውን አንድ በአንድ ድረሱባቸው። ረዳታችሁ ውጭ ቆሞ ኤለሮኑንና ራደሩን ይይ። አንዱን ስትደርሱ ራደሩ ከተነቃነቀ ያ መሣሪያ ቦታው ስህተት ነው፤ ከመብረራችሁ በፊት አዛውሩት። በተለይ ለአርቪ ዓይነት ቀላል ስቲክ ክንዳችሁ ጭናችሁ ላይ እንዲያርፍ መቀመጫውን አስተካክሉ፤ በጣትና በእጅ አንጓ የሚበረር ስቲክ በአየር መናወጥ ጊዜ በትከሻ ሲነዳ ይወዛወዛል።

ሌላ ሰው የሠራውን የገዛችሁ ከሆነ ሁሉንም ከደረጃ 1 ጀምሩት፤ የፊተኛው ባለቤት የለመደውን ጥፋት ጥፋት አይለውም። ከመጀመሪያው በረራ በፊት በዚያው ዓይነት አውሮፕላን፣ ዓይነቱን ከሚያውቅ አስተማሪ ጋር ጥቂት ሰዓት ውሰዱ። የኢኤኤ የበረራ አማካሪዎችና ቴክኒካል ካውንስለሮች በነፃ ይረዳሉ።

ጠርዝ ጨምቃችሁ፣ ስቲክ ቆርጣችሁ ወይም ሽብልቅ ለጥፋችሁ ከሆነ ቀኑን፣ የተደረገውንና ከበረራው በኋላ የተለካውን ኃይል በሎግ ቡኩ ጻፉ። ለውጡ ትልቅ ከሆነ የአውሮፕላናችሁን የአሠራር ገደብ ወረቀት አንብቡ፤ በብዙዎቹ ላይ ለኤፍኤኤ ማሳወቅና ወደ ፌዝ 1 ተመልሶ ቢያንስ 5 ሰዓት መብረር ግዴታ ነው። በእነዚያ ሰዓታትም የደረጃ 4ን ካርድ ከፊተኛው ማእከል ጀምራችሁ ድገሙት።